እጅ የነካው ደቂቃ፦ የአንድ የሴት ተማሪዎች የሳይንስ ክበብ የሥራ ማስታወሻ፣ ደብረ ብርሃን

ክበቡ ለ9ኛና ለ10ኛ ክፍል ሴት ተማሪዎች ነው። ተፈጥሮ ሳይንስ ወይስ ማኅበራዊ ሳይንስ የሚለው ምርጫ 11ኛ ክፍል ላይ ይመጣል፤ ከዚያ በኋላ የሚደረግ ማበረታታት ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ማስታወሻው ሌላ ትምህርት ቤት ተመሳሳይ ነገር ሲጀምር እንዲጠቅም ተብሎ በየሳምንቱ የተያዘ ነው። ያልሠራውም እንደሠራው ሁሉ ተጽፏል።

ጥቅምት 7፣ ሐሙስ

ዛሬ ክበብ የለም፣ ልኬት ብቻ ነው። በወንድና ሴት ተማሪዎች የተቀላቀለ የ9ኛ ክፍል የቤተ ሙከራ ክፍለ ጊዜ ላይ አንድ መምህር ከኋላ ተቀምጦ ቅጽ ሞላ። ቅጹ ቀላል ነው፤ በየሁለት ደቂቃው በአንድ ቡድን ውስጥ ዕቃውን ማን እንደያዘ፣ ማን እንደሚጽፍ፣ ማን እንደሚያይ ምልክት ይደረጋል። በ40 ደቂቃ 20 ምልክት ይወጣል።

የሴቶቹ ምልክት በብዛት ያረፈው «ጻፈች» እና «አየች» በሚሉት ዓምዶች ላይ ነው። የከለከላቸው ሰው አልነበረም። ዕቃው ለስምንት ተማሪ አንድ ስለሆነ ቶሎ የዘረጋ እጅ ይወስደዋል፤ ከዚያ አንዱ ዞር ብሎ «ጽሑፍሽ ያምራል፣ አንቺ ጻፊ» ይላል። ምስጋና ስለሚመስል እምቢ የምትል የለችም። ብዕሩን የያዘች ልጅ ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ ብዕሩን እንደያዘች ነው።

ስለዚህ የክበቡ መለኪያ ይህ እንዲሆን ተወሰነ፤ እያንዳንዷ ልጅ ዕቃ በእጇ የያዘችበት ደቂቃ። የተሰጠ ንግግር፣ የተለጠፈ ፖስተር፣ የታደለ ቲሸርት አይቆጠርም።

ጥቅምት 14

የሰዓት ጉዳይ። መጀመሪያ ቅዳሜ ጠዋት ታስቦ ነበር። ልጆቹን ሲጠይቋቸው ቅዳሜ ልብስ አጠባ፣ ገበያና እንጀራ ጋገራ ነው። ወንዶች ቅዳሜ ይመጣሉ፣ ሴቶች አይመጡም፤ ከዚያ «ሴቶቹ ፍላጎት የላቸውም» ይባላል። የጠዋት ፈረቃ 6፡30 ላይ ስለሚያልቅ ክበቡ ሐሙስ ከ6፡45 እስከ 8፡15 ሆነ። ቤት ሄዶ መመለስ የለም፤ ቤት የገባች ልጅ ሥራ ይጠብቃታል፣ አትመለስም።

ለወላጆች የሚላከው ወረቀት ላይ ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው መስመር የመመለሻ ሰዓት ነው። «8፡15 ላይ ከግቢ ትወጣለች» ተብሎ ይጻፋል፣ ሰዓቱም ይከበራል። አንድ ቀን ግማሽ ሰዓት ቢያልፍ በሚቀጥለው ሳምንት የሚቀሩ ልጆች ይኖራሉ።

ምሳ ስለማይበላ ለአንድ ቀን ሁለት ኪሎ ቆሎ ለ24 ልጅ ይበቃል፤ በጾምም ያገለግላል። የወር አበባ ንጽሕና መጠበቂያ ከፕላስተሩና ከሳሙናው ጋር በአንድ ካርቶን በሩ አጠገብ ተቀመጠ። ማንንም ሳይጠይቁ የሚወስዱት መሆን አለበት። በወንድ መምህር ጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ ከሆነ የለም ማለት ነው።

ጥቅምት 21

የዕቃ ሳጥን ተዘጋጀ፤ 8 ሳጥን፣ ለሦስት ሦስት ልጅ። ቡድኑ ሦስት የሆነበት ምክንያት አለው። አራት ሲሆኑ አንዷ ተመልካች ትሆናለች፤ ሁለት ሲሆኑ አንዷ በቀረች ቀን ሌላዋ ብቻዋን ትሆናለች።

በእያንዳንዱ ሳጥን፦ 60 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ሁለት፣ 10 ሚሊ ሊትር ሁለት (መርፌያቸው የወጣ)፣ ከ0 እስከ 110 ዲግሪ የሚያነብ የአልኮል ቴርሞሜትር፣ ርካሹ ዓይነት ዲጂታል መልቲሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያ)፣ የስድስት ባትሪ ድንጋይ መያዣ፣ ቀይና ነጭ ኤልኢዲ (ትንንሽ መብራት) አምስት አምስት፣ 68፣ 100 እና 470 ኦም ሬዚስተር (የኤሌክትሪክ ፍሰት የሚገድብ)፣ ጫፉ የተላጠ ሽቦ፣ 20 ሳንቲ ሜትር የግሉኮስ ላስቲክ፣ መነጽር ሦስት። 0.01 ግራም የሚለይ የወርቅ ቤት ዓይነት ሚዛን ሁለት ብቻ ለሁሉም። ሲሪንጁ ከመድኃኒት ቤት፣ የኤሌክትሮኒክሱ ዕቃ ከመርካቶ ነው የመጣው። የውኃ መያዣው ሁሉ አፉ የተቆረጠ ሃይላንድ ነው።

ሥራው በሦስት ይከፈላል፤ አንዷ ዕቃውን ታንቀሳቅሳለች፣ አንዷ ታነባለች፣ አንዷ ትጽፋለች። በየ15 ደቂቃው ደወል ተደውሎ ይዞራል። ደወሉ የግድ ነው፤ «ስትጨርሱ ተቀያየሩ» ከተባለ አይቀያየሩም። አንድ ሕግ ተጨመረ፤ የሚጻፈው በእስክሪብቶ ነው፣ እርሳስና ላጲስ ክልክል። የተሳሳተ ቁጥር በአንድ መስመር ይሰረዛል እንጂ አይጠፋም።

ጥቅምት 28

የውኃ መፍላት። ቀላል ነው ተብሎ የተመረጠ ሙከራ ነበር፣ የዓመቱ ምርጥ ሆኖ ወጣ።

በቡታጋዝ ላይ 300 ሚሊ ሊትር ውኃ፣ በየደቂቃው ንባብ። የቴርሞሜትሩ ጫፍ የድስቱን ወለል መንካት የለበትም፤ ከነካ ከውኃው ይልቅ የብረቱን ሙቀት ያነባል። በክር ከእንጨት ላይ አንጠልጥሎ ሁለት ሳንቲ ሜትር ከወለሉ ማራቅ ይበቃል።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ውኃው 91 ላይ ሲደርስ መንተክተክ ይጀምራል፣ ከዚያ አያልፍም። ከስምንቱ ቡድን አምስቱ ደብተራቸው ላይ የጻፉት ግን 100 ነው። ቴርሞሜትሩ ፊታቸው 91 እያለ! ሁለት ቡድኖች «ቴርሞሜትራችን ተበላሽቷል» ብለው እንዲቀየርላቸው ጠየቁ። አንድ ቡድን ብቻ 91 ጻፈ፣ እሱም የጥያቄ ምልክት አክሎበት።

መልሱን መንገር ቀላል ነበር፣ አልተነገረም። «ቴርሞሜትሩ መበላሸቱን በምን ታውቃላችሁ?» ተባሉ። ከአንድ ካፌ የመጣ በረዶ ተፈጭቶ ውኃ ተጨመረበት፤ ስምንቱም ቴርሞሜትር ከዜሮ አጠገብ አነበበ። ዕቃው ደኅና ከሆነ መጽሐፉ ነዋ የሚጣራው። ያኔ አንዷ «መቶ የሚለው የት ቦታ ነው?» አለች። የአየር ግፊት የሚለው ርዕስ የገባው በዚህ ጥያቄ ነው።

ውኃ የሚፈላው የእንፋሎቱ ግፊት ከአየሩ ግፊት ጋር እኩል ሲሆን ነው። ከእንፋሎት ግፊት ሠንጠረዥ ላይ 91 ዲግሪ ወደ 73 ኪሎ ፓስካል ይሰጣል። በባሕር ጠለል 101 ነው። ማለትም ልጆቹ ባሮሜትር ሳይኖራቸው የከተማቸውን የአየር ግፊት በድስት ለኩ። ቁጥሩ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ፣ ኅዳር ላይ ያስፈልጋል።

ኅዳር 5

የኤሌክትሪክ መስመር። ቀይ ኤልኢዲ 2 ቮልት ገደማ ይወስዳል። ስድስት ባትሪ ድንጋይ 9 ቮልት ይሰጣል፤ የቀረውን 7 ቮልት ሬዚስተሩ ይሸከማል። በ470 ኦም 15 ሚሊ አምፔር ይሄዳል፣ ደኅና ነው። ያለ ሬዚስተር የሞከረ ቡድን ኤልኢዲው አንዴ ቦግ ብሎ ጠፋበት፤ ርካሽ ትምህርት ስለሆነ ለዚሁ ተብሎ አምስት አምስት ተሰጥቷቸዋል። የማይበራ ሲሆን በመጀመሪያ እግሩን ማየት ነው፤ ረጅሙ እግር ወደ ፖዘቲቭ። ሁለተኛ ባትሪውን መለካት፣ ግን ኤልኢዲው እንደተያያዘ፤ የደከመ ድንጋይ ብቻውን ሲለካ ጤነኛ ይመስላል።

ሦስት መልቲሜትር በአንድ ቀን «ሞተ»። ምክንያቱ አንድ ነው፤ መለኪያውን አምፔር ላይ አድርገው ሁለቱን ጫፍ በቀጥታ ባትሪው ላይ ማሳረፍ። አምፔር ላይ ያለ መልቲሜትር እንደ ሽቦ ነውና ባትሪውን ያገናኘዋል፣ ውስጡ ያለው ፊውዝ ይቃጠላል። ከጀርባው ያሉት ብሎኖች ተፈትተው በላዩ የተጻፈው መጠን ያለው ፊውዝ ገባ። የፈቱትም የቀየሩትም ያቃጠሉት ልጆች ናቸው።

በዚህ ቀን የታየው ትልቁ ችግር ግን ከመምህራን የመጣ ነው። አንዲት ልጅ ሽቦ ማያያዝ ሲያቅታት መምህር ከእጇ ወስዶ ያያይዝላታል። በቅጹ ላይ ተቆጥሯል፤ በመጀመሪያው ሰዓት ብቻ 11 ጊዜ። ለወንድ ልጅ «ሞክር፣ አንተ» የሚል ሰው ለሴት ልጅ «ቆይ፣ ልርዳሽ» ይላል። ክፋት የለበትም፣ ውጤቱ ግን ያው ነው። ከዛሬ ጀምሮ መምህር በጠረጴዛ መካከል ሲዘዋወር እጁ ወደ ኋላ ይታሰራል። በጣት ማሳየት ይፈቀዳል፣ መንካት አይፈቀድም። ለእሳትና ለተሰበረ ብርጭቆ ሕጉ ይነሣል።

ኅዳር 12 ሚካኤል ስለሆነ አልተገናኘንም።

ኅዳር 19

የከሸፈ ቀን። ቤኪንግ ሶዳና አቼቶ ተቀላቅለው የሚወጣው ጋዝ ሊለካ ነበር፤ ከሚጠበቀው ሲሶ እንኳ አልወጣም። በየመደብሩ «ሶዳ» ተብሎ የሚሰጠው አንዳንዴ ቤኪንግ ፓውደር ነው። ፓውደሩ ውስጥ ሶዳ፣ ደረቅ አሲድና ስታርች ተቀላቅለዋል፤ የሶዳው ድርሻ ጥቂት ነው። መለያው ቀላል ነው። ማንኪያ ጫፍ ያህሉን በንጹሕ ውኃ ላይ መነስነስ፤ ፓውደር ከሆነ አቼቶ ሳይነካው በውኃ ብቻ አረፋ ያወጣል፣ ንጹሕ ሶዳ አያወጣም።

ኅዳር 26

ያው ሙከራ፣ በትክክለኛው ሶዳ።

0.10 ግራም በቀጥታ መመዘን ዋጋ የለውም፤ ሚዛኑ በ0.01 ከተሳሳተ አሥር በመቶ ስሕተት ነው። ስለዚህ 1.00 ግራም ተመዝኖ በውኃ ይሟሟና 20 ሚሊ ሊትር እንዲሞላ ይደረጋል፤ 2 ሚሊ ሊትር ሲቀዳ 0.10 ግራም ይሆናል። ይህ 2 ሚሊ ሊትር በትንሹ ሲሪንጅ፣ 5 በመቶ የሆነ አቼቶ 2 ሚሊ ሊትር በትልቁ ሲሪንጅ። በሁለቱም ውስጥ አየር እንዳይቀር ጫፋቸው ወደ ላይ ተደርጎ ይገፋል። በአጭር የግሉኮስ ላስቲክ ይገናኛሉ፣ ትንሹ ወደ ትልቁ ይገፋል፣ ላስቲኩ ታጥፎ ይያዛል፣ ይናወጣል። የትልቁ ሲሪንጅ መግፊያ ራሱ ወደ ኋላ ይሄዳል። ላስቲኩ ረጅም ከሆነ በውስጡ የሚቀረው አየር ውጤቱን ያበላሻል፤ 3 ሳንቲ ሜትር በቂ ነው። መግፊያው ከተጣበቀ አንድ ጠብታ የምግብ ዘይት፣ ከማንበብ በፊትም ዞር ዞር ማድረግ።

ሂሳቡ፦ 0.10 ግራም ሶዳ 1.19 ሚሊ ሞል ነው (ሞል በኬሚስትሪ የብዛት መለኪያ ነው)። መጽሐፉ በክፍል ሙቀት አንድ ሞል ጋዝ 24 ሊትር ይይዛል ስለሚል 29 ሚሊ ሊትር ገደማ ይጠበቃል። ልጆቹ ያነበቡት ከ36 እስከ 38 ነው።

በዚህ ጊዜ ማንም 29 አልጻፈም። ጥቅምት ላይ 100 የጻፉት ቡድኖች 37 ጻፉና ግድግዳው ላይ ወደተለጠፈው 73 ዞሩ። ግፊቱ ሲያንስ ጋዝ ይሰፋል፤ በ73 ኪሎ ፓስካልና በ20 ዲግሪ አንድ ሞል 33.4 ሊትር ገደማ ይይዛል፤ ስለዚህ 40 ሚሊ ሊትር መውጣት አለበት። የጎደለው 3 የት ገባ? ካርቦን ዳይኦክሳይድ በውኃ ይሟሟል፤ ውኃ በክፍል ሙቀት የራሱን መጠን ያህል ይውጣል። በሲሪንጁ ውስጥ 4 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ አለ። «አምቦ ውኃ ሆኗላ» አለች አንዷ፤ ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ አልተገኘም።

ታኅሣሥ 10 እና 17

ብየዳ፣ ማለትም የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎችን እግር በካውያ ማያያዝ። ለወላጆች በተላከው ወረቀት ላይ ይህ ሲጠቀስ ሁለት ቤተሰብ ጠይቆ ነበር፤ አንዱ ስለ አደጋው፣ አንዱ «ለሴት ልጅ ምን ያደርግላታል» ብሎ። ለመጀመሪያው መልስ መነጽር፣ የተከፈተ መስኮትና ከሥራ በኋላ እጅን በሳሙና መታጠብ ነው (የመበየጃው ሽቦ እርሳስ (ሌድ) የተባለው መርዛማ ብረት አለበት፣ ቆሎው ከመታጠብ በፊት አይወጣም)። ለሁለተኛው መልስ የተሠራው መብራት ራሱ ነው፣ ቤት ተወስዷል።

መብራቱ ሦስት ባትሪ ድንጋይ (4.5 ቮልት)፣ ሦስት ነጭ ኤልኢዲና ሦስት ባለ 68 ኦም ሬዚስተር ነው። ነጭ ኤልኢዲ 3.2 ቮልት ገደማ ይፈልጋል፤ ለየብቻቸው ሬዚስተር ሲኖራቸው 20 ሚሊ አምፔር ያህል ይደርሳቸዋል። ሬዚስተር ለመቆጠብ ሦስቱን በአንዱ ያያያዘ ቡድን አንዱ ደምቆ ሌሎቹ ፈዘውበታል፤ ኤልኢዲዎቹ መንታ ስላልሆኑ በትንሽ ቮልት የሚበራው ድርሻውን ይሻማል።

ስሕተቱ የታወቀ ነው፤ የመበየጃውን ሽቦ በካውያው ጫፍ ላይ አቅልጦ እንደ ሙጫ መቀባት። እንዲህ ሲደረግ በሽቦው ውስጥ ያለው ማጽጃ (ፍላክስ) ይቃጠላል፣ ብየዳው ግራጫና ሸካራ ይሆናል፣ ሲጎተት ይላቀቃል። በ40 ዋት ካውያ መጋጠሚያውን ሁለት ሦስት ሰኮንድ ማሞቅ፣ ከዚያ ሽቦውን በመጋጠሚያው ላይ ማስነካት። ካውያው አራት ብቻ ስለነበረ ቡድኖቹ ተጋሩ፤ በ17ኛው ቀን ደግሞ መብራት ጠፍቶ ግማሹ ሰዓት ሄደ። ለዚህ ቀን ሁልጊዜ መብራት የማይፈልግ ተጠባባቂ ሥራ መያዝ ያሻል፤ የቀይ ሽንኩርት ስስ ልጥ በቁስል አዮዲን ቀብቶ በሌዘር መብራት ሌንስና በስልክ ካሜራ ማየት ዕቃው ትንሽ ነው። ችግሩ ስልክ ነው፤ የመምህሩ አንድ ስልክ ብቻ ካለ እንደገና ሃያ ሦስት ተመልካች ይፈጠራል።

ጥር ፈተና ነው። ክበብ የለም።

የካቲት 6

የካቲት 4 የተባበሩት መንግሥታት በ2015 እ.ኤ.አ. የወሰነው የሴቶችና የልጃገረዶች የሳይንስ ቀን ነው። በሰልፍ ላይ ንግግር ነበር። ክበቡ የመረጠው ሌላ መንገድ ነው፤ የአንዲት ሳይንቲስት ሥራ ወደ ጠረጴዛ ማውረድ። አዲስ አበባ የተወለዱት ፕሮፌሰር ሶሲና ኃይሌ በ2001 እ.ኤ.አ. ጠጣር አሲድን በነዳጅ ሴል (ሃይድሮጅንና ኦክስጅንን አዋሕዶ ኤሌክትሪክ በሚሰጥ ዕቃ) ውስጥ መጠቀም እንደሚቻል ካሳዩት ተመራማሪዎች ዋናዋ ናቸው። ነዳጅ ሴል ምን እንደሆነ ሳይነኩ ስማቸውን ማጥናት ጥቅም የለውም።

ሁለት እርሳስ በሁለቱም ጫፍ ይቀረጻል፣ በግማሽ ሃይላንድ ውኃ አንድ ማንኪያ ሶዳ ይሟሟል፣ 9 ቮልት ለሁለት ደቂቃ ይሰጣል። በምግብ ጨው መተካት አይቻልም፤ ክሎሪን ይወጣል፣ ሽታውም ጉዳቱም እውነት ነው። ባትሪው ሲነቀል መልቲሜትሩን በቮልት ላይ አድርጎ እርሳሶቹ ላይ ማሳረፍ፤ ከ1 ቮልት በላይ ያነብና በደቂቃዎች ውስጥ ይወርዳል። በእርሳሱ ላይ የተያዘው ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ወደ ውኃ ሲመለሱ የሚሰጡት ነው።

ጋዙን በሲሪንጅ የሰበሰቡት ቡድኖች ሁለት ለአንድ ጠብቀው ኦክስጅኑ አነሰባቸው። ከፊሉ ካርቦኑን እያቃጠለ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል፣ እሱም ይሟሟል። ይህን ያገኙት ራሳቸው ናቸው፤ ኅዳር ላይ ያደረጉት ነውና።

የካቲት 20 – 27

ሊጥ። ይህ ሙከራ ሆን ተብሎ ዘግይቶ ነው የመጣው። ለሴት ልጆች የሚዘጋጅ ሳይንስ ሁሉ ከወጥ ቤት ሲጀምርና እዚያው ሲቀር ብዙ ጊዜ ይታያል። ካውያ ከያዙ በኋላ ሲመጣ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ስለ እርሾ ከመምህሩ በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

100 ግራም የጤፍ ዱቄት፣ 160 ሚሊ ሊትር ውኃ፣ አንድ ማንኪያ እርሾ፣ በሁለት ማሰሮ። አንዱ ብርድ መስኮት ላይ፣ አንዱ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ። በየቀኑ የአሲድነት መለኪያ ወረቀት። ወረቀቱ በሊጥ ስለሚቀባ ቀለሙ አይለይም፤ ከላይ የጠለለውን ውኃ በጠብታ ወስዶ መለካት ያሻል። ከ6 ገደማ ተነሥቶ የሞቀው በሦስተኛው ቀን 4 አካባቢ ሲደርስ የቀዘቀዘው ገና ነበር። የደብረ ብርሃን ሊጥ ለምን እንደሚዘገይ ሁሉም ያውቃሉ፤ በቁጥር ሲያዩት ግን ተከራከሩ፤ እርሾው በሁለቱም እኩል ነበር ወይ? አንዱ ማንኪያ ሞልቶ አንዱ ጎድሎ እንደነበር አንዷ አመነች። ተደገመ፣ በዚህ ጊዜ እርሾው በሲሪንጅ ተለክቶ።

መጋቢት 11

ከ24ቱ አራት ልጆች መምጣት አቁመዋል። ተጠይቀዋል፤ አንዷ ቤተሰቧ ከከተማ ወጣ፣ ሁለቱ ፈረቃቸው ወደ ከሰዓት ተቀየረ፣ አንዷ ታናናሾቿን ትጠብቃለች። «ሳይንስ ከበደኝ» ያለች የለችም። ለፈረቃው መፍትሔ ከመንፈቁ በፊት ለርዕሰ መምህሩ ማመልከት ነበረበት፣ ተረሳ። ታናናሾቿን የምትጠብቀው ልጅ ይዛቸው እንድትመጣ ተነገራት፤ ሕፃናቱ ቆሎውን ይወዱታል፣ ቡታጋዝ በሚነድበት ቀን ግን አይገቡም።

ሚያዝያ 30

ጥቅምት ላይ የታየው ያው ክፍል፣ ወንድና ሴት ተቀላቅሎ፣ የጋዙን ሙከራ ሠራ። በየቡድኑ አንዲት የክበቡ ልጅ ነበረች፤ ሳጥኖቹ ስምንት ስለነበሩ ቡድኖቹ ትንንሽ ሆኑ። ቅጹ እንደገና ተሞላ። በ«ነካች» ዓምድ ላይ የሴቶቹ ምልክት ከወንዶቹ ጋር ተቀራርቧል። ይህ የክበቡ ውጤት ብቻ አይደለም፤ ዕቃው ስለበዛም ነው፣ የትኛው ምን ያህል እንዳደረገ በዚህ ልኬት አይለይም። ለመለየት በሚመጣው ዓመት የክበብ ልጅ የሌለበት ክፍል በስምንቱ ሳጥን መታየት አለበት።

አንድ ወንድ ተማሪ 37ቱን ሰርዞ 29 እንዲጻፍ ጠየቀ። የክበቡ ልጅ «በእስክሪብቶ ነው የተጻፈው» ብላ ቴርሞሜትር አመጣችለት።

እስከ መስከረም የሚገዛ፦ ፊውዝ 10፣ ነጭ ኤልኢዲ 30፣ ካውያ 4፣ ቴርሞሜትር 3 (ሁለት ተሰብሯል፣ አንዱ ጠፍቷል)፣ ንጹሕ ሶዳ 1 ኪሎ፣ በውኃ ተፈትኖ። የሳጥኖቹ ቁልፍ ከዛሬ ጀምሮ በሁለት የ10ኛ ክፍል ልጆች እጅ ነው።